ወስፋት የሚቀርበው ለኮሶ ነው ወይስ ለአንበጣ? የእንስሳትን ዝምድና በዲኤንኤ ስለ ማወቅ

መሐል ሜዳ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። መሐል ሜዳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ እንስሳት አመዳደብ ስንማር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ወስፋትም ትል ነው፣ ኮሶም ትል ነው፣ የምድር ትልም ትል ነው። ታዲያ ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ «አዎ!» አለ።

እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ሌላ ነው። የምድር ትል ሰውነቱ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ስለሆነ ዘመዶቹ አንበጣና ሸረሪት ናቸው ተብለን ነው የተማርነው። ወስፋት ደግሞ ከሁሉም የራቀ፣ ቀደም ብሎ የተገነጠለ ተደርጎ ነበር የሚቀርበው። አሁን ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ግን ዲኤንኤ ይህን ሁሉ ገለባብጦታል ይላል። ወስፋት ለአንበጣ ይቀርባል፣ የምድር ትል ደግሞ ለቀንድ አውጣ።

ለልጆቹ ከመንገሬ በፊት እንዴት እንደታወቀ መረዳት እፈልጋለሁ። «ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል» ብሎ ማለፍ አልወድም። ልጆቹም በዚህ አይለቁኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ባዮ ጠባሴ

መምህር፣ እንኳን ጠየቁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በዚሁ ሙያ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ያነበቡት ትክክል ነው። ወስፋት ከኮሶ ይልቅ ለአንበጣ ይቀርባል። ኮሶ ደግሞ ለምድር ትልና ለቀንድ አውጣ ይቀርባል። ሦስቱን ትሎች የሚያመሳስላቸው የሰውነታቸው ቅርጽ ነው። ረጅም፣ ለስላሳና እግር የሌለው ሰውነት አፈር ውስጥም አንጀት ውስጥም ለመኖር ይመቻል። ስለዚህ በተለያየ የዘር ሐረግ ደጋግሞ ብቅ ብሏል።

አሁን ወደ «እንዴት ታወቀ» ልምጣ። ትልቁ ችግር የነበረው ምን ከምን ጋር ይነጻጸር የሚለው ነው። ኮሶ እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ ሌላው ቀርቶ አንጀት እንኳን የለውም። ከአንበጣ ጋር በምን ታነጻጽረዋለህ? ግን ሁሉም እንስሳ በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራ ሪቦሶም አለው። ከሪቦሶም ክፍሎች አንዱ 18ኤስ አርኤንኤ ይባላል። የእሱ ዘረ-መል ርዝመት 1,800 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው። እሱ ከተበላሸ ሕዋሱ ስለማይኖር በጣም በዝግታ ነው የሚለወጠው። በዝግታ ስለሚለወጥ ደግሞ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተለያዩ እንስሳትን እንኳ ፊደል በፊደል ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል።

ይህን ሞለኪውል ይዞ የእንስሳትን ዓለም በስፋት ለማየት የሞከረው የመጀመሪያው ጥናት በ1988 ወጣ። በ1995 የምድር ትልን፣ ቀንድ አውጣንና አንዳንድ የባሕር እንስሳትን አንድ ላይ የሰበሰበ ጥናት መጣ። በ1997 ደግሞ አጊናልዶና ባልደረቦቿ ኔቸር መጽሔት ላይ አንበጣን፣ ሸረሪትንና ሸርጣንን ከወስፋት ወገኖች ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስገቧቸው። ምድቡ ኤክዳይሶዞአ ይባላል። እነዚህ እንስሳት ሲያድጉ የላይ ቆዳቸውን ይጥላሉ። አንበጣ ሲጥል ልጆቹ ሳያዩ አይቀሩም። ወስፋትም በእጭነቱ ይጥላል። የምድር ትልና ኮሶ ግን ይህን አያደርጉም።

ያኔ ብዙ ሰው ተቃውሟል። የሰውነት በቀለበት መከፋፈል ከመቶ ዓመት በላይ ትልቅ የዝምድና ምልክት ተደርጎ ሲሠራበት ኖሯልና። አሁን የምድር ትልና አንበጣ መከፋፈሉን ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት ነው የሚለው ሐሳብ ደጋፊው ጥቂት ነው።

የበግ ሐኪም

ይህ ነገር እኔን በጣም ይመለከተኛል። ሥራዬ በግ ማከም ነው፣ ገጠር ለገጠር እየዞርኩ። የመንዝ በግ ያረባ ሰው የሳንባ ትልንም የጉበት ትልንም አሳምሮ ያውቃቸዋል። ሁለቱም «ትል» ነው የሚባሉት።

አይቨርሜክቲን የሚባለውን መርፌ ስትወጋው የሳንባ ትሉ ይሞታል። የአንጀት ክብ ትሎችም ይሞታሉ። በዚያው መርፌ ቅማሉና እከክ የሚያመጣው ተባይም ይለቃል። የጉበት ትሉ ግን ምንም አይሆን። ገበሬው «ዶክተር፣ ለትል ወግተህልኝ የለ? ለምን ሞተብኝ?» ይለኛል። ለጉበት ትል ሌላ መድኃኒት አለው። ለኮሶም እንዲሁ፣ አይቨርሜክቲን አይነካውም።

እኔ ይህን እንደ መድኃኒት ዝርዝር በቃሌ ይዤው ነው የኖርኩት። አሁን እናንተ ስትሉት ነው የገባኝ። የሳንባ ትልና ቅማል በአንድ ወገን፣ የጉበት ትልና ኮሶ በሌላ ወገን ናቸው ማለት ነው? መድኃኒቱ የዝምድናውን መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው?

ባዮ ጠባሴ

ዶክተር፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያነሡት። አዎ፣ የሳንባ ትልና የአንጀት ክብ ትሎች ከቅማልና ከእከክ ተባይ ጋር በኤክዳይሶዞአ ውስጥ ናቸው። የጉበት ትልና ኮሶ ደግሞ ጠፍጣፋ ትሎች ናቸው፣ ከቀንድ አውጣና ከምድር ትል ወገን።

አይቨርሜክቲን የሚሠራው በነርቭና በጡንቻ ሕዋስ ላይ ያለ አንድ በር ላይ ነው። በሩ በግሉታሜት የሚከፈት የክሎራይድ መተላለፊያ ነው። መድኃኒቱ ሲይዘው በሩ ክፍት ሆኖ ይቀርና ተባዩ ሽባ ይሆናል። ክብ ትሎችና ቅማል ያላቸው በር ለመድኃኒቱ ይመቻል። የጠፍጣፋ ትሎቹ ግን ለእሱ እሺ አይልም። ይህን መድኃኒት ያገኙት ካምቤልና ኦሙራ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒት ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ አልቤንዳዞል በመጠኑ ከፍ ሲል ክብ ትልንም አንዳንድ ጠፍጣፋ ትልንም ይገድላል። አንድ ባሕርይ ብቻ ይዞ ዘመድ መቁጠር ድሮም ያሳሳተን ይኸው ነው። የ18ኤስ ጥቅሙ አንድ ባሕርይ አለመሆኑ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሎች ዘረ-መሎች ተጨመሩ። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት 77 ዓይነት ፍጥረታትን በ150 ዘረ-መሎች አነጻጽሮ ኤክዳይሶዞአን በድጋሚ አግኝቶታል።

የቅኔ ተማሪ

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፣ የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ግን የምትሉት ነገር ከብራና መጻሕፍት ጋር ተመሳሰለብኝ።

አንድ ጸሐፊ ሲቀዳ አንድ መስመር ዘለለ እንበል። ከእሱ መጽሐፍ የቀዱት ሁሉ ያ መስመር የላቸውም። ከእነሱ የቀዱትም የላቸውም። ስለዚህ መስመሩ የጎደለባቸውን መጻሕፍት ስታገኝ፣ ምንም ያህል ሩቅ ገዳማት ቢቀመጡ፣ ከአንድ መጽሐፍ የወጡ ናቸው ትላለህ። መልካም የሆነውና ያልተሳሳተው ቃል ግን ምንም አይነግርህም፣ ሁሉም ጋ አለና። የእናንተም ሥራ እንዲህ ነው?

ባዮ ጠባሴ

ወንድሜ፣ ትክክል ነው። በተለይ የመጨረሻው አባባልህ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚስተው ነገር ነው። ሁለት እንስሳት ከጥንት የወረሱት ነገር ስላላቸው ብቻ የቅርብ ዘመድ አይባሉም። መቆጠር ያለበት አዲስ መጥቶ አብረው የወረሱት ለውጥ ነው።

በአንተው ምሳሌ ልቀጥል። አንዱ ጸሐፊ «ሠ»ን በ«ሰ» ቢለውጥ፣ ሌላውም ሳያየው በራሱ ጊዜ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስሕተት ዝምድና አይመሰክርም። ዲኤንኤ ደግሞ ፊደሉ አራት ብቻ ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ሁለት የማይዛመዱ እንስሳት በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል በአጋጣሚ ቢያገኙ አይገርምም። ለዚህ ነው ጥቂት ፊደል ይዘን የማንፈርደው፤ በብዙ መቶና ሺህ ፊደል ነው የምንሠራው። አንድ ፊደል ስንት ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል በስታትስቲክስ የሚያሰላ ሞዴልም እንጠቀማለን።

መስመር እንደ መዝለል ያለ፣ በአጋጣሚ የማይደገም ለውጥም አለ። አንዳንድ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ራሳቸውን እየገለበጡ ሌላ ቦታ ይሰካሉ። አንድ ቁራጭ በሁለት እንስሳት ውስጥ በትክክል አንድ ቦታ ላይ ተሰክቶ ከተገኘ ከአንድ ቅድመ አያት ወረሱት ከማለት ሌላ ማብራሪያ የለውም ማለት ይቻላል። በ1999 ጃፓኖች በዚህ ዘዴ የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ጉማሬ መሆኑን አሳይተዋል። ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ ይቀርባል።

ሰላ ድንጋይ ጡረተኛ

ልጄ፣ ስታስረጂ ደስ ትያለሽ። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጥንትና ቅርጽ እያሳየሁ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ በዲኤንኤ አለቀ እንዲባል አልፈልግም። ሽኮኮን ውሰጂ። ከሩቅ ስታያት ትልቅ አይጥ ትመስላለች። ሆኖም ዲኤንኤ ከመምጣቱ በፊት ጥርሷንና እግሯን የመረመሩ ሰዎች ከዝሆን ጋር ትዛመዳለች ብለው ጽፈዋል። አጥንትን በወጉ ያየ ሰው አልተሳሳተም።

ባዮ ጠባሴ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሽኮኮን በተመለከተ አጥንት ቀድሟል፣ ዲኤንኤ ተከትሎ አረጋገጠ። ያልተጠበቀው የቀረው የቤተሰቡ ዝርዝር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡ የዘረ-መል ጥናቶች ዝሆንን፣ ሽኮኮን፣ አዋልድጌሳን፣ ቴንሬክ የሚባለውን የማዳጋስካር ትንሽ እንስሳና ወርቃማ ፍልፈልን በአንድ ምድብ አስገቧቸው። የሁሉም መነሻ አፍሪካ ስለሆነ ምድቡ አፍሮቴሪያ ተባለ። አዋልድጌሳና ዝሆን ዘመድ ናቸው ብሎ በቅርጽ ብቻ የገመተ ሰው ቢኖር እንኳ ብዙ ሰሚ አልነበረውም።

ዓሣ ነባሪውም ላይ አጥንት የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። በ2001 ፓኪስታን ውስጥ የተገኙ የጥንት ዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካላት ቁርጭምጭሚት ነበራቸው። ቅርጹም ልክ እንደ በግና እንደ ጉማሬ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት የዲኤንኤውን ውጤት ሲጠራጠሩ የነበሩ የቅሪተ አካል ባለሙያዎች ያን ጊዜ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ደግሞም የጠፉ እንስሳትን ዲኤንኤ በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ርቀት አናገኝም። እነሱን የሚያሳየን አጥንት ብቻ ነው።

የጓሳ ልጅ

እኔ ጓሳ አጠገብ ነው የተወለድኩት፣ አሁንም ጥበቃው ላይ እሠራለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር ይዋለዳል ሲባል እሰማለሁ። በዲኤንኤ ይታወቃል? ሁለተኛው፣ ሌሊት በየመንደሩ ዳር የሚዞረው ተራው ቀበሮ ለቀይ ቀበሮ ምኑ ነው? እኛ ጋ ሁለቱም አሉ፣ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ባዮ ጠባሴ

ወንድሜ፣ የአንተ ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ዝምድናን በቅርንጫፍ የምንስልበት ዛፍ ራሱ ይወሳሰባል።

በ1994 ጎቴሊና ባልደረቦቿ የቀይ ቀበሮን የሚቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) ዲኤንኤ አጠኑ። ከሌሎቹ የአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለአውሮፓና ለእስያ ግራጫ ተኩላ ቀረበ። ያው ጥናት ባሌ ውስጥ ከውሻ የተዋለዱ እንዳሉ አሳየ። ግን ልብ በል፣ ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የተዋለዱት ሴት ቀይ ቀበሮና ወንድ ውሻ ስለነበሩ የልጆቹ ሚቶኮንድሪያ ንጹሕ የቀይ ቀበሮ ነው። በእሱ ብቻ ቢታይ ምንም አልተፈጠረም ይባል ነበር። ውሻው የታየው ከአባትም የሚወረሰው የኑክሊየስ ዲኤንኤ ሲመረመር ነው። አዋቂዎቹ በዓለም ላይ ከ500 ለማይበልጥ እንስሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለምርመራው እንስሳውን መያዝ እንኳ የግድ አይደለም፣ ከዐይነ ምድሩና ከፀጉሩ ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል።

ወደ ተራው ቀበሮ ስንመጣ፣ ለረጅም ጊዜ ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ነበር። በመልክ አይለያዩማ። በ2011 የወጣ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የተወሰዱ ናሙናዎች የነበሩበት ጥናት ነገሩን አናጋው። በ2015 ደግሞ ሰፋ ያለ የዘረ-መል ጥናት የአፍሪካውና የእስያው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ተለያይተው እንደኖሩ አሳየ። የአፍሪካው ለግራጫ ተኩላ ይቀርባል። በ2018 ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ጠቅላላ ዲኤንኤው፣ ሲነበብ የባሰ መጣ። የአፍሪካው ቀበሮ የጥንት ቅልቅል ውጤት ነው። 72 በመቶ የሚሆነው ከግራጫ ተኩላ ወገን ነው፣ 28 በመቶው ከቀይ ቀበሮ ወገን። ስለዚህ መንደር ዳር የምታየው ቀበሮ የጓሳው ቀይ ቀበሮ ሩቅ የሥጋ ዘመድ ነው፣ በአንድ ጎኑ።

እንዲህ ሲሆን ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ዛፍ መሳል አይበቃም። አንዱ ዘረ-መል አንድ ዛፍ ይሰጥሃል፣ ሌላው ሌላ ዛፍ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ የሚያገናኝ መስመር ይጨመራል።

አንኮበር ማማ

ጭላዳን ረሳችኋት። እሷስ ዝንጀሮ ናት ወይስ አይደለችም?

ባዮ ጠባሴ

የቅርብ ዘመዷ ዝንጀሮ ነው፣ ግን ጭላዳ ከወገኗ ብቻዋን የቀረች ናት። ሌሎቹ የወገኗ አባላት በቅሪተ አካል ብቻ ነው የሚታወቁት። በ2022 ጂኖሟ ሲታተም በሰሜን ያሉት ጭላዳዎች 44 ክሮሞሶም፣ የእኛ አካባቢን የሚጨምሩት የመሐሎቹ ግን 42 እንዳላቸው ታየ። ሁለት ዝርያ ናቸው ወይ የሚል ክርክር ተነሥቷል።

መሐል ሜዳ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ተግባር ልግባ። አንድ ላፕቶፕ አለኝ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ይመጣል። ልጆቹ በእጃቸው እንዲሠሩት እፈልጋለሁ።

ባዮ ጠባሴ

መጀመሪያ በወረቀት ይጀምሩ። ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የሰው 104 አሚኖ አሲድ ነው። የሰውን፣ የቺምፓንዚን፣ የዝንጀሮን፣ የፈረስን፣ የዶሮንና የዓሣን ጄንባንክ ከሚባለው የዘረ-መል መረጃ ማከማቻ ያውርዱና በወረቀት አትመው ያድሉ። ልዩነቱን ልጆቹ በእጃቸው ይቁጠሩ። ፊችና ማርጎሊያሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 ዛፍ የሠሩት በዚህ ፕሮቲን ነው። የሰውና የቺምፓንዚ ልዩነት ዜሮ ነው። ይህ ፕሮቲን ለቅርብ ዘመዶች እንደማይጠቅም ከዚያ ራሳቸው ይረዳሉ።

ቀጥሎ የ18ኤስ ቅደም ተከተሎችን ያውርዱ፦ ወስፋት፣ ኮሶ፣ የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ አንበጣ፣ ሸረሪት። ሰውን ወይም የባሕር ኮከብን ከውጭ ያስገቡ፣ የዛፉ ሥር የት እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ሜጋ የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፊደሎቹን ማደርደርም፣ ዛፍ መሥራትም ይችላል።

የበግ ሐኪም

መምህር፣ የጉበት ትልንም ይጨምሩልኝ። እኔም ውጤቱን ማየት እፈልጋለሁ።

መሐል ሜዳ መምህር

ሠራነው! ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ላፕቶፑን ከበቡት። የጉበት ትልና ኮሶ አንድ ላይ ወጡ፣ ሶፍትዌሩ ምድቡ ላይ የጻፈው ቁጥር 100። አንበጣና ሸረሪትም አንድ ላይ ናቸው። ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ብዙ ቦታ ስሙን ስላየሁት ሲ. ኤሌጋንስ የተባለውን የቤተ ሙከራ ክብ ትልም ጨምሬ ነበር። እሱና ወስፋት አንድ ላይ ሆነው ከሁሉም ተነጥለው ወደ ዛፉ ሥር ወረዱ። ከአንበጣ ጋር አልገጠሙም። እዚያ ጋ ያለው ቁጥር 91 ነው። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት አሮጌው ዛፍ ማለት ነው። ያቺ ተማሪ «ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?» ብላ ይዛኛለች።

ባዮ ጠባሴ

መምህር፣ ልጆችዎ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ለዓመታት ያጣላው ነገር ላይ ነው የደረሱት።

የሲ. ኤሌጋንስ 18ኤስ ከሌሎች እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይለወጣል። ዛፉ ላይ ቅርንጫፉን ይመልከቱ፣ ከሁሉም ይረዝማል። በጣም የተለወጠ ቅደም ተከተል ከዘመዶቹ ጋር የሚመሳሰልበት ፊደል ይጠፋበታል። ከዚያ ሩቅ ወዳለው፣ እንደ እሱ ረጅም ቅርንጫፍ ወዳለው ይሳባል። ከውጭ ያስገቡት እንስሳ ደግሞ በባሕርይው ሩቅ ነው። ስለዚህ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ፌልሰንስቲን የተባለ ተመራማሪ ይህን ችግር ገና በ1978 በሒሳብ አሳይቶታል። የ1997ቱ ጥናት መፍትሔ ሌላ ክብ ትል መፈለግ ነበር። በዝግታ የሚለወጠውን ትሪኪኔላን ሲያስገቡ ክብ ትሎቹ ወደ አንበጣ ወገን ሄዱ።

91 የሚለው ቁጥር ደግሞ እንዳያሳስትዎ። ኮምፒውተሩ የፊደል ዓምዶቹን በዕጣ እያወጣ፣ አንዳንዱን እየደገመ፣ ብዙ ጊዜ ዛፍ ይሠራል። ከ100ው በ91ዱ ያ ምድብ ወጣ ማለት ነው። ይህ የሚነግርዎት ያሉት ፊደሎች አንድ ድምፅ እንዳላቸው ነው፤ ድምፁ የተሳሳተ ከሆነ ቁጥሩ 100ም ሊሆን ይችላል። ዘረ-መል መጨመርም ብቻውን አይበቃም። ከ2000 ወዲህ ብዙ ዘረ-መል ግን ጥቂት እንስሳት ብቻ ይዘው የተነሡ ጥናቶች አሮጌውን ዛፍ መልሰው አግኝተዋል፣ የነበራቸው ክብ ትል ሲ. ኤሌጋንስ ነበርና። የእንስሳቱ ዓይነት ሲበዛና ሞዴሉ ሲሻሻል ነው ነገሩ የተስተካከለው።

ስለዚህ ለተማሪዋ መልሱን አይንገሯት። ሲ. ኤሌጋንስን አውጥታ ትሪኪኔላን ታስገባ። ማክሲመም ላይክሊሁድ በሚባለው፣ ከፊደሎቹ ጋር ይበልጥ የሚስማማውን ዛፍ በሞዴል በሚፈልገው ዘዴ ትሥራው። የሁለቱን ዛፎች የቅርንጫፍ ርዝመት ጎን ለጎን ታስቀምጥ። ከዚያ ሁለቱንም ዛፍ እዚሁ ለጥፉልን፣ የማይገጥም ነገር ካለ አብረን እናየዋለን።